«ዓይነ ስውር አይደለሁም፤ ሰሌዳው ግን አይታየኝም»

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲደረግ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም መምህር፣ እንደምን አሉ? የሐረር ልጅ ነኝ። ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የአካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዓይኔ መድከም የጀመረው ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው። አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ታይቼ ‹ስታርጋርት ይባላል፣ መነጽር አያስተካክለውም› ተባልኩ። ወረቀቱ ላይ በሁለቱም ዓይን 6/60 ይላል። መንገድ ላይ ብቻዬን እሄዳለሁ። ሰሌዳ ግን ፊት ወንበር ተቀምጬም አይነበብልኝም። ፈተና ላይ ግማሹን ሳልሠራ ሰዓት ያልቃል። ለአንድ አስተማሪ ብነግረው ‹ስትሄጂ አይሽ የለም እንዴ? ደህና ነሽ› አለኝ። አብረውኝ ቤት የተከራዩት ልጆች ‹ኮርታለች፣ ሰው አትሰላምም› ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ‹አካል ጉዳተኛ ተብለሽ እንዳትመዘገቢ፣ ነገ ሥራውም ትዳሩም ይበላሽብሻል› ትላለች። እኔ ዓይነ ስውር አይደለሁም። መብት አለኝ? ካለኝስ ምን ብዬ ልጠይቅ? ታናሽ ወንድሜም ሰሞኑን ቴሌቪዥን ተጠግቶ ማየት ጀምሯል፤ እሱም አስጨንቆኛል። ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።»

ሰላም የሐረሯ። ድሬ ሁለት ዓመት ኖረሽ አንቱታ አለመርሳትሽ ገርሞኛል። እኔ ግን በድሬ ደንብ «አንቺ» እያልኩ ነው የምመልስልሽ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። አዎ፣ መብት አለሽ። መብቱን ለማግኘት ደግሞ የግድ ሙሉ በሙሉ ማየት የተሳነሽ መሆን አይጠበቅብሽም። አጠያየቁ ላይ ግን ልንነጋገር ይገባል። «ዓይኔ ደካማ ስለሆነ ትብብር አድርጉልኝ» ብለሽ ከሄድሽ የምታገኚው «አይዞሽ» የሚል ቃል ነው። «ፈተናው በ24 የፊደል መጠን ይታተምልኝ፤ ለሁለት ሰዓት ፈተና ሦስት ሰዓት ይሰጠኝ» ብለሽ በጽሑፍ ከሄድሽ ግን ኃላፊው ወይ እሺ ማለት አለበት፣ ወይ ለምን እምቢ እንዳለ ማስረዳት አለበት። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ድጋፍ ያገኙትንና ያላገኙትን ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የለየው የጉዳታቸው ክብደት አልነበረም። የጥያቄያቸው ግልጽነት ነበር።

አሁን ወደዚያ አስተማሪ ልመለስ። በእሱ ብዙ አትፍረጂ። ያልገባው ነገር ቀላል አይደለም። ስታርጋርት የሚጎዳው ማኩላ የሚባለውን የዓይናችንን መሐል ክፍል ነው። ማኩላ የምናነብበት፣ ፊት የምንለይበት፣ ጥቃቅን ነገር የምናይበት ቦታ ነው። ዳር ዳሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ፎቶ ስታነሺ ሌንሱ መሐል ላይ ጣትሽ ቢያርፍበት ማለት ነው። ዙሪያው አለ፣ መሐሉ የለም። ለመራመድ ደግሞ የሚያስፈልገው ዙሪያው ነው። ለዚህ ነው ቀፊራ ገበያ መሐል ሰው ሳትገጪ የምታልፊውና ሰሌዳ ላይ ያለውን 8 ከ3 መለየት የሚያቅትሽ። በዚያ ላይ የጀጎል ልጅ ነሽ። በዚያ ጠባብ መንገድና ደረጃ ያደገ ሰው እግሩ ራሱ መንገድ ያውቃል።

6/60 ደግሞ ቀላል ቁጥር አይምሰልሽ። ሌላው ሰው 60 ሜትር ርቆ የሚለየውን ፊደል አንቺ 6 ሜትር ድረስ ተጠግተሽ ነው የምትለዪው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ከ6/18 የከፋውን እስከ 6/60 ድረስ መካከለኛ የእይታ ጉድለት ይለዋል። ከ6/60 የባሰው ከባድ ነው። ዓይነ ስውርነት የሚባለው ከ3/60 የባሰው ነው። አንቺ ያለሽው በመካከለኛውና በከባዱ ድንበር ላይ ነው። ስለዚህ «ዓይነ ስውር አይደለሁም» ማለትሽ ልክ ነው። «ደህና ነሽ» ያለሽ ሰው ግን ልክ አይደለም።

የልጆቹም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ፊት መለየት የማኩላ ሥራ ስለሆነ ከመንገዱ ማዶ እጁን ያወዛወዘልሽን ሰው አታውቂውም። ድሬ ላይ ደግሞ ሰላምታ ያልመለሰ ሰው ስሙ ቶሎ ይጠፋል። አንድ ቀን ሻይ ላይ ተቀምጣችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው፦ «ፊት አልለይም፤ ድምፅ ግን አውቃለሁ። ስታገኙኝ ስሜን ጥሩኝ።» ይሄ ብቻ በቂ ነው። የበሽታውን ታሪክ ማብራራት አይጠበቅብሽም።

ሌላ ያላነሳሽው፣ ግን የማውቀው ነገር አለ። እንደ አንቺ መሐሉ የጠፋበት ሰው ቀስ በቀስ በዳሩ ማየት ይለምዳል። አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ወይም ከሚያየው ነገር ትንሽ ወደ ጎን ይመለከታል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ አትተዪው። ፈተና ክፍል ውስጥ ግን ምን እንደሚመስል አስቢው። ከጎንሽ ያለውን ወረቀት የምትኮርጂ ይመስላል! በዚህ ምክንያት ወረቀቱን የተቀማ ተማሪ አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን ለፈታኙ አስቀድሞ የሚናገር ወረቀት ያስፈልግሻል። ወደ ማመልከቻው ስንደርስ አካትቼዋለሁ።

ፈተናውን በደንብ እንየው፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ስለሆነ።

ብዙ ሰው «ፈተናው ይተልቅልኝ» ብሎ ይጠይቃል። ኃላፊውም እሺ ብሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ይልካል። እዚያ ያለው ልጅ ከኤ4 ወደ ኤ3 ያሳድገዋል። ይህ ማለት 141 በመቶ ነው። በ12 የተጻፈው ወደ 17 ገደማ ይመጣል። ለ6/60 ብዙ ጊዜ አይበቃም። ወረቀቱም እንደ ጋዜጣ ጠረጴዛውን ይሸፍነዋል። ኮፒው ከኮፒ የተነሳ ከሆነ ደግሞ ፊደሉ ትልቅ ቢሆንም የደበዘዘ ነው። የደበዘዘ ትልቅ ፊደል ጥርት ካለ ትንሽ ፊደል አይሻልም። መጠየቅ ያለብሽ አስተማሪው በኮምፒውተር የጻፈውን ፋይል ራሱን በ24 አድርጎ በኤ4 እንዲያትምልሽ ነው። ለአስተማሪው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ገጹ ይበዛል፣ ይብዛ። ፊደሉም ቀጥ ያለና ቅጥያ የሌለው ዓይነት ይሁን፤ ኤሪያል ይበቃል።

አካውንቲንግ ላይ ግን አንድ ጣጣ አለ። ሠንጠረዡ ነው። ትራያል ባላንስ (ሒሳቦቹ ዴቢትና ክሬዲት ተብለው ጎን ለጎን የሚዘረዘሩበት ሠንጠረዥ) በ24 ሲሆን ለሁለት ገጽ ይሰነጠቃል፤ ዴቢቱ አንድ ገጽ ላይ፣ ክሬዲቱ ሌላ ገጽ ላይ ይቀራል። ለአስተማሪው አስቀድመሽ ንገሪው። ሠንጠረዡ ወረቀቱ አግድም ተደርጎ ይታተም፤ ወይም የሒሳቡ ስም በሁለቱም ገጽ ላይ ይደገም። የመልስ ወረቀቱንም አትርሺ። ጥያቄው ተልቆ መልስ መስጫው ሌጀር (የሒሳብ መዝገብ ቅጹ) በቀጭን መስመር ሲመጣ ምንም አልተሠራም ማለት ነው። ወፍራም መስመር ያለው ባዶ ወረቀት ራስሽ አሠርተሽ በፈታኙ ማስፈረም ይቻላል።

ሰዓትን በተመለከተ በብዙ አገር የተለመደው ከ25 እስከ 50 በመቶ መጨመር ነው። ለአንቺ 50 በመቶውን ጠይቂ። ምክንያቱ የማሰብ ፍጥነትሽ አይደለም። አንድ ረድፍ አንብበሽ ወደ ካልኩሌተሩ ስትዞሪ፣ ተመልሰሽ ረድፉን ለማግኘት ሌላው ሰው ግማሽ ሰከንድ የሚፈጅበትን አንቺ ብዙ ሰከንድ ታጠፊበታለሽ። ይህ በመቶ ቁጥር ሲባዛ አስቢው። ዓይንም ይደክማል። ስለዚህ መሐል ላይ አምስት ደቂቃ ዓይን ማሳረፊያ መጠየቅም ያባት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት በአንድ ተቋም ስሠራ ለአንዲት ተማሪ ተጨማሪ አንድ ሰዓት አስፈቀድኩላት። ደብዳቤው ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ እኔም ደስ አለኝ። ክፍል ማስያዝ ግን ረሳሁ። ሁለተኛው ሰዓት ሲያልቅ ቀጣዩ ሴክሽን ገባ። ልጅቷ ወንበር እየተጎተተ፣ ሰው እየተሳሳቀ የቀረውን ሠራች። ኋላ ስታገኘኝ «መምህር፣ የጨመሩልኝ ሰዓት ሳይሆን ጫጫታ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ሰዓት ስትጠይቂ ክፍልና ፈታኝም አብረሽ ጠይቂ። ሦስቱ አይነጣጠሉም።

አንባቢ ይመደብልኝ ማለትም ትችያለሽ። ሙሉ ለሙሉ ለማያዩ ተማሪዎች የተለመደው ይህ ነው። ለአንቺ ግን ብዙ አልመክረውም። ሒሳብ በዓይን ካልታየ ይጠፋል፤ አንባቢውም ትምህርቱን ካላወቀ «ዴፕሪሲዬሽን» የምትለዋን ቃል እንኳ ሦስት ዓይነት አድርጎ ያነብልሻል። ረጅም ጽሑፍ ያለባቸው ኮርሶች ላይ፣ ለምሳሌ ማኔጅመንት ወይም ቢዝነስ ሕግ፣ ቢኖር አይከፋም። ያኔም አንባቢው የክፍልሽ ልጅ አይሁን። ውጤትሽ ጥሩ ሲሆን ወሬው ይገልሻል።

ክፍል ውስጥ ያለው ቀላል ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ፊት ወንበር ብቻ ሳይሆን የትኛው ፊት ወንበር የሚለውን ምረጪ። የድሬ ክፍል በሙቀቱ የተነሳ መስኮቱ ተከፍቶ ነው የሚውለው። ፊትሽ ወደ መስኮት ከሆነ ብርሃኑ ይወጋሻል፤ አስተማሪውም ጥላ ብቻ ይሆንብሻል። መስኮቱ ከኋላሽ ወይም ከጎንሽ ይሁን። ከቬንቲሌተሩ ሥርም ራቂ። አንቺ ከሌላው በላይ በጆሮሽ ነው የምትማሪው፤ ያ ማሽን ሲጮህ ግማሹ ያመልጥሻል። (መብራት ሲጠፋ ድምፁ ይጠፋል፣ ሙቀቱ ይመጣል። ምርጫው የአንቺ አይደለም።) ከውጭ ፀሐይ ወደ ክፍል ስትገቢ ደግሞ ዓይንሽ ጨለማውን እስኪለምድ ከሌሎች ይበልጥ ይቆያል። የበሽታው ጠባይ ነው። ቀደም ብለሽ ግቢና ቁጭ በይ። መንገድ ላይ ጥቁር መነጽርና ጥላ ያለው ኮፍያ አይለይሽ። የድሬ ፀሐይ ለደህና ዓይንም አይራራም።

አስተማሪውን አንድ ነገር ብቻ ለምኚው፦ የሚጽፈውን በአፉ ይበል። «ይሄንን ከዚህ ስንቀንስ ይሄ ይመጣል» ሲል ለአንቺ ባዶ ነው። «አርባ ሺ ከስልሳ ሺ ስንቀንስ ሃያ ሺ» ሲል ግን ሰሌዳውን አላየሽም ማለት አይቻልም። ነጭ ሰሌዳ ከሆነ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ማርከር ይጠቀም። ቀይና አረንጓዴ ለማየት ሊከብድሽ ይችላል፤ ያለቀ ማርከር ደግሞ ለማንም አይታይም። ድምፅ መቅዳትም አስፈቅጂ። ዝም ብለሽ አትቅጂ፤ አንዳንዱ መምህር ነገሩን በክፉ ያየዋል።

ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው የፈተና ፕሮግራም ሌላው ችግር ነው። መስታወት ውስጥ፣ ከፍ ብሎ፣ በ10 ፊደል። የሴክሽናችሁ ተወካይ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ እንዲለቅ አድርጊ። ለሁሉም ይጠቅማል፣ ማንም እምቢ አይልም።

ስለ መሣሪያ። ስልክሽ ትልቁ መሣሪያሽ ነው። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ተደራሽነት ከሚለው ሥር ማጉያውን ክፈቺው። ቀለም መገልበጫውንም ሞክሪ፤ ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ ለብዙዎች ዓይን ያሳርፋል። ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘሽ የመደመር ምልክቱን ስትጫኚ ማጉያው ይመጣል። ኤክሴል ላይ ኮንትሮል ተጭነሽ የማውሱን ጎማ አዙሪ። ረጅም ንባብ ላይ ዓይንሽን አትግደዪው፤ ኤንቪዲኤ የሚባለው አንባቢ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። መጽሐፎቻችሁ በእንግሊዝኛ ስለሆኑ በደንብ ያነብልሻል። አማርኛም ያነባል፤ ድምፁ ግን እንደ ቆርቆሮ ነው፣ ትለምጂዋለሽ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ሃንድአውቱ (አስተማሪው የሚያድላችሁ ጽሑፍ) በስካነር ተነስቶ ፒዲኤፍ የሆነ ከሆነ ለፕሮግራሙ ፎቶ ነው፤ ዝም ይላል። ዋናውን የወርድ ፋይል ጠይቂ።

ፈተና ክፍል ውስጥ ግን ስልክ አይፈቀድም፣ እንዲፈቀድም አትታገዪ። በእጅ የሚያዝ ማጉያ መስታወት ያዢ። ለሰሌዳ ደግሞ በአንድ ዓይን የሚታይባት ትንሽ ቴሌስኮፕ አለች። አራት እጥፍ የምታጎላው 6/60ን ወደ 6/15 ታመጣዋለች፤ በወረቀት ላይ ስናሰላው ማለቴ ነው። በተግባር የምታሳየው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ልምምድ ትፈልጋለች። ያለ ምንም ወጪ የምትሠሪው ደግሞ ይሄ ነው፦ ጥቁር ካርቶን ወስደሽ አንድ መስመር ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ቁረጪበት። ሌጀር ላይ ረድፍ በረድፍ እያወረድሽ አንብቢ። ረድፍ መጥፋት ይቀንሳል። ይሄን ከማንም መሣሪያ በላይ የወደዱት ተማሪዎች አሉኝ።

አሁን ሕጉ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን በሥራዬ የምይዛቸው ጥቂት ቁጥሮች አሉ፣ አንቺም ያዣቸው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ስምምነቱ በአንቀጽ 1 አካል ጉዳተኛ የሚለው ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የአካል፣ የአእምሮ ወይም የስሜት ሕዋስ ጉዳት ኖሮበት፣ ከአካባቢው መሰናክል ጋር ሲገናኝ እንደ ሌላው እኩል መሳተፍ የሚያቅተውን ሰው ነው። «ከአካባቢው መሰናክል ጋር» የምትለዋን ልብ በዪ። በ24 የታተመ ፈተና ፊት አንቺ ተማሪ ነሽ። በ10 የታተመ ፈተና ፊት ደግሞ ጉዳተኛ ነሽ። አንቀጽ 2 ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መንፈግ አድልዎ ነው ይላል። አንቀጽ 24 ይህ ከፍተኛ ትምህርትንም እንደሚጨምር ይናገራል።

በአገራችን ሕግ ደግሞ የቀድሞው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 650/2001 አንቀጽ 40 ላይ የፈተና ሰዓት ማራዘምን፣ አማራጭ የፈተና አሰጣጥን፣ የትምህርት መርጃ መሣሪያን፣ የመማሪያ ክፍል መቀየርን እያነሳ ያስቀምጥ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ 1152/2011 ነው። የአንቀጹን ቃል ኮሌጅሽ ቤተ መጻሕፍት ወይም ሬጂስትራር ቢሮ ካለው ቅጂ ላይ አስነብበሽ ማመልከቻሽ ላይ ጥቀሽው። እንዲህ ዓይነት ሕጎች ላይ «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትል ሐረግ አትጠፋም። ኃላፊዎችም ይወዷታል። ሊፍት ጠይቀሽ «አቅም የለንም» ቢሉሽ እሺ፣ ልንከራከርበት እንችላለን። የፊደል መጠን ከ12 ወደ 24 ለመቀየር ግን የትኛው በጀት ነው የሚጎድለው? ጥያቄሽ ርካሽ መሆኑ ትልቁ መከራከሪያሽ ነው።

ማስረጃ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ያለሽ ወረቀት የበሽታውን ስምና 6/60ን ብቻ ከያዘ ለኮሌጅ አይበቃም። ዲፓርትመንት ኃላፊው ስታርጋርት ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል? የመንግሥት ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሄደሽ ሦስት ነገር የሚናገር አዲስ ወረቀት ጠይቂ፤ በመነጽር እንደማይስተካከል፣ ቋሚ እንደሆነ፣ በመደበኛ መጠን የታተመ ጽሑፍና ሰሌዳ ለማንበብ እንደሚያስቸግርሽ። ሦስተኛዋ ናት ሥራውን የምትሠራው። ሐኪሞች ሳይጠየቁ አይጽፏትም፤ ሲጠየቁ ግን ይጽፏታል።

ማመልከቻውን እንዲህ ብትጽፊው ይበቃል፦

«ለአካውንቲንግ ዲፓርትመንት ኃላፊ። ጉዳዩ፦ የትምህርትና የፈተና ማመቻቸት ስለመጠየቅ። እኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን በሁለቱም ዓይኖቼ በመነጽር የማይስተካከል ቋሚ የእይታ ጉድለት ያለብኝ መሆኑን አባሪ የሆነው የሐኪም ማስረጃ ያሳያል። በዚህ ምክንያት በመደበኛ መጠን የታተመ ፈተና በተመደበው ሰዓት አንብቤ መጨረስ አልቻልኩም። ስለሆነም ከመጪው ሚድ ፈተና ጀምሮ ጥያቄውና የመልስ ወረቀቱ በ24 የፊደል መጠን እንዲታተምልኝ፤ ለእያንዳንዱ ሰዓት 30 ደቂቃ ተጨምሮ በተለየ ክፍል እንድፈተን፤ በእጅ የሚያዝ ማጉያ እንድጠቀም እንዲፈቀድልኝ፤ አንገቴን አዘንብዬና ወረቀት አስጠግቼ የማነብ መሆኔ ለፈታኞች እንዲገለጽልኝ፤ ሃንድአውት ከክፍለ ጊዜው በፊት በሶፍት ኮፒ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ከዚህ አታስረዝሚው። ስለ ኑሮሽ፣ ስለ ቤተሰብሽ፣ ስላለቀስሽው ቀን አትጻፊ። በሁለት ኮፒ አድርጊው። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጊ፣ ሁለተኛው ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር አስመቺበትና ለራስሽ ያዢ። በቃል እሺ የተባለ ነገር ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። አቦ፣ ስንቱ «ነግሬው ነበር እኮ» እያለ ሴሚስተር አለቀበት! ፈተና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረውም አትሂጂ። ጥያቄ የሚያባዛ ሰው እንኳ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።

ኮሌጁ የልዩ ፍላጎት ወይም የአካቶ ትምህርት ተጠሪ ካለው ግልባጭ ለእሱ አድርጊ። ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አለው፤ የግል ኮሌጅ ላይ ግን እምብዛም ነው። ከሌለ የተማሪዎች ዲን አለ። መልስ ከዘገየ ወደ አካዳሚክ ዲን፣ ከዚያ በላይ ወደ ተቋሙ የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ ሂጂ። እዚያም ካልሆነ እንባ ጠባቂም ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም አቤቱታ ይቀበላሉ። እውነቱን ለመናገር በእኔ ልምድ አብዛኛው ጉዳይ ዲን ቢሮ ላይ ያልቃል። ማኅተም ያለበት ወረቀት ፊቱ የተቀመጠ ሰው ሁለተኛ ደብዳቤ እንዲመጣበት አይፈልግም።

እናትሽን አልነቅፋቸውም። ስጋታቸው ከአየር የመጣ አይደለም፤ ሰው ምን እንደሚል አይተው ነው። ግን ሁለት ነገር ንገሪያቸው። አንደኛ፣ ይህ ማመልከቻ የኮሌጅ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ጉዳይ ነው። ዲግሪው ላይ አይጻፍም። ውጤትሽ ላይም ምልክት አይደረግም። የሚጠየቁት ጥያቄዎች የሌሎቹ ናቸው፣ የማለፊያው ነጥብም ያው ነው። ሁለተኛ፣ ለሥራ ከሆነ አዋጅ 568/2000 አሠሪ በአካል ጉዳት ምክንያት እንዳያዳላ ይከለክላል፤ የሥራ ቦታውንም እንዲያመቻች ያስገድዳል። ወረቀት የሌለው ሰው ይህን ሕግ መጥቀስ ይቸግረዋል። በዚያ ላይ ሥራ የሚያበላሸው ምንድን ነው? በሰዓት እጥረት ዝቅ ያለ ውጤት ነው። እሱ ደግሞ የውጤት ማስረጃሽ ላይ በግልጽ ይታያል። ስለ ትዳሩ አስተያየት የለኝም፤ ሆጃ (የሐረሩን ትኩስ መጠጥ) ይዛችሁ ከእሳቸው ጋር ብትነጋገሩበት ይሻላል።

አሁን ወንድምሽ። የዓይን ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪሞች የሚሉትን ነው የምነግርሽ። ስታርጋርት በአብዛኛው የሚተላለፈው አባትም እናትም ሳይታመሙ የበሽታውን ዘር (ጂን) ሲይዙና ሁለቱም ለልጁ ሲያስተላልፉት ነው። እንዲህ ከሆነ እያንዳንዱ ልጅ የመታመም ከአራት አንድ ዕድል አለው። ማንም ያጠፋው ነገር የለም፤ ቤት ውስጥ በእናት ወገን ነው በአባት ወገን ነው የሚባል ጭቅጭቅ ካለ እዚሁ ይብቃ። ቴሌቪዥን የተጠጋ ልጅ ሁሉ ይህ አለበት ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ተራ የርቀት እይታ ችግር ነው፤ መነጽር ያስተካክለዋል። ግን የእሱ እህት አንቺ ነሽና ዝም ብሎ መነጽር ቤት አይወሰድ። ዓይን ሐኪም ጋ ሄዶ የዓይኑ የኋላ ክፍል ይታይ።

እስከዚያው አንድ ጥንቃቄ። ዘመድ «ለዓይን ነው» ብሎ የቫይታሚን ኤ ክኒን ሊያመጣላችሁ ይችላል። ካሮትና ጎመን በምግብ ብሉ፣ ችግር የለውም። ክኒኑን ግን ሐኪም ሳያዝ አንቺም አትውሰጂ፣ እሱም አይውሰድ። በዚህ በሽታ ላይ ብዙ ቫይታሚን ኤ ጉዳቱን ሊያፋጥን ስለሚችል ሐኪሞች አይመክሩትም። ለእሱ ቀጠሮ ስታስይዙ የአንቺን የምኒልክ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ከየት መጀመር እንዳለበት ወዲያው ይገባዋል።